ብሎኑ የጠበቀ ቀን

የመጀመሪያ ባሏ የግራ ጆሮው ግማሹ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩም የሥራ ቦታውም የሚያውቃት «ጆሮ ቆራጭ» በሚል ስም ነው። ሲጠሯት ትስቃለች። ስሙ እንዴት እንደወጣላት የሚያውቅ ሰው ግን አብሮ አይስቅም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡርም ነበረች። ባሏ ሥጋ ቤት ውስጥ ቆራጭ ነው። አንድ እሑድ ቀን ምሳ ዘገየ ብሎ በርጩማ ወረወረባት። ሳታት። እሷም ከድንጋጤዋ ብዛት ሳቅ አመለጣት። መሳቋ በርጩማው ከመሳቱ በላይ አናደደውና ጥሎ ሆዷን በጫማው ረገጠው። አንዴ አይደለም። እሷ ደሟ በእግሯ እየወረደ ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ጆሮውንም በጥርሷ ይዛ እስኪላቀቅ አለቀቀችም።

ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። እሱ ቁራጩን በመሀረብ ጠቅልሎ፣ እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ በአንድ ኮሪደር ውስጥ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነው። ልጅቷ በማግስቱ ሞታ ተወለደች።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ አሸዋ እየነፋች፣ ወንፊቱን ሳታቆም። እኔ የብሎኬት ማምረቻው ግቢ በር ጠባቂ ነኝ። ስትቀጠርም በሩን የከፈትኩላት እኔ ነበርኩ። አሸዋ በመንፋት ጀመረች፤ ውሃ አጠጣች፤ በአምስተኛው ዓመት ማሽኑ ላይ ቆመች። ከእሷ በፊት ሴት እዚያ ቆማ አታውቅም።

ማሽኑን ላላየ ሰው ልንገር። ከላይ የተቦካውን የሚቀበል ሣጥን አለው፤ ከታች ሦስት ሦስት ብሎኬት የሚያወጣ የብረት ቅርጽ። ጎኑ ላይ ወደ ታች የሚጫኑት ረጅም እጀታ አለ። ሞተሩ ሲነሣ ቅርጹ ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋና ሲሚንቶውም ተጠቅጥቆ ይያያዛል። እጀታውን የሚጫነው ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ማታ ቤት ገብቶ ብርጭቆ ሲያነሣ እንኳ እጁ አያርፍለትም። ድምፁን ተዉት። እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው በፀብ ይጩህ በሰላምታ ከሩቅ አይለይም፤ አብዛኛውን ጊዜም ፀብ ነው። አካፋ ለአካፋ ያልተማዘዙበት ሳምንት አላስታውስም።

ሁለተኛ ያገባችው አቡካኪውን ነው። ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካ፣ ቀን ሙሉ ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ሠራተኛው «ዝምታው» ይለዋል። ሲጋቡ ፎርማኑ፣ «ጆሮ የማያስፈልገው ሰው አገኘች፤ ይህማ የሚሰማም የሚናገርም አይደለም» ብሎ ቀለደ። ዝምታው ፈገግ ብሎ አካፋውን አነሣ። በዚህ ጋብቻ ውስጥ ስድስት ዓመት እጅ አልተነሣም፤ ልጅም አልመጣም።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ወደ በሩ መጣችና፣ «ጋሼ፣ መጽሐፍ የምታነብ አንተ ነህ፤ ስለ እርግዝና የሚያወራ አለህ?» አለችኝ።

ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ነበረኝ። በምሳ ሰዓት የብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጠን አነበብኩላት። ከመፀነስ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደሚገባ የሚናገረውን ገጽ ስትሰማ ተገረመች። «ሳይረገዝ ምን ሊያዩ?» አለች። ከዚያ ትንሽ አስባ፣ «ልክ ነው። አሸዋው ሳይነፋ ማን ሲሚንቶ ያፈስሳል?» አለች።

ባልና ሚስት ሆነው ሄዱ። ሐኪሟ ማሕፀኗ ላይ የድሮ ጠባሳ እንዳለ፣ ደሟም አነስተኛ እንደሆነ ነገረቻት። ደሟ እስኪሞላ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ፎሊክ አሲድ ከፅንሱ በፊት እንድትጀምር አዘዘች። ዝምታው ሲጋራ አቆመ። ምንም ሳይል ነበር ያቆመው፤ እኛ ያወቅነው ክብሪት ስንጠይቀው ሲያጣ ነው። ሕክምናው በተጀመረ በስምንተኛው ወር ፈጣሪ ሰማ።

ማርገዟን ያወቀች ለታ ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ አንተ ምስክሬ ሁን። ይህን ልጅ እስካቅፍ ድረስ እጄን በሰው ላይ አላነሣም። ለአምላኬ ምያለሁ።»

«ቢመቱሽስ?»

«እነክሳለሁ ብለህ ፈርተህ ነው?» ብላ ሳቀች። «አፌንም ጨምሬ ነው የማልኩት።»

መሐላው በአንድ ቀን ግቢውን ሞላው። ከሁሉ በላይ የተደሰተበት የብሎኬት መኪናው ሾፌር ነው። ይህ ሰው ጡንቻው የሚያኮራው፣ አፉ ከጡንቻው የሚፈጥን፣ «ጉልቤ» የሚባል ነው። የእሱና የእሷ ጠብ የቆየ ነው። ብሎኬት ከወጣ በኋላ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መጠንከር አለበት። እሷ ክምሩ ላይ በኖራ ቀኑን ትጽፋለች፤ ጉልቤ ደግሞ ደንበኛ ቸኩሏል እያለ የሦስት ቀኑን ይጭናል። ድሮ አካፋ ይዛ ትቆምበትና ይመለስ ነበር። አሁን ግን በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ወደ እሷ ዘርግቶ፣ «እቴ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ!» ይላታል። የግቢው ሰው ይስቃል። እሷ የገዛ እጇን ነክሳ ዝም ትላለች። መዳፏ ጎን ላይ የጥርስ ምልክት ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ወራቱ ገፉ። እኔም ማንበቤን ቀጠልኩ። በሰባተኛው ወር ሕፃኑ ዓይኑን እንደሚገልጥ፣ የውጭ ድምፅም እንደሚሰማ ሳነብ፣ አሸዋ ነፊዎቹ፣ «ወይኔ! ሳይወለድ ደነቆረ በሉኛ!» ብለው ሳቁ። በስምንተኛው ከቆዳው ሥር ስብ እንደሚያበጅ፣ ራሱን ወደ ታች እንደሚያዞር፣ ሳንባው እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደሚበስል ስነግራት፣ «እንደ ብሎኬቱ ነዋ። ቅርጹ ወጥቷል፤ መጠንከር ይቀረዋል» አለች።

ሆስፒታል የምትከታተላት አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ሥራዋን ስትጠይቃት «ጽዳት» ብላ ዋሸቻት፤ እውነቱን ብትናገር ከማሽኑ እንደምታስወርዳት ታውቃለችና። ሲስተር፣ «ሕፃኑ ሲንቀሳቀስ ቁጠሪ። በግራ ጎንሽ ተጋድመሽ፣ ጸጥ ባለ ቦታ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ካልሞላ ሳትውዪ ነይ። ከወደቅሽ ወይ ከተመታሽማ ምንም አትቁጠሪ፤ እየሮጥሽ ነይ» ብላት ነበር።

ሁሉንም በደንብ ሰምታለች። ግን ቀን በግራ ጎን የሚጋደም ማን ነው? ማታ ደግሞ ገና አልጋው ጠርዝ ላይ ሳለች እንቅልፍ ይጥላታል። ስለዚህ በራሷ መንገድ ቆጠረች። ከክምሩ አሥር ጠጠር መርጣ የሽርጧ ቀኝ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ሕፃኑ በተራገጠ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሷ ታሳልፋለች። የታጠፈ ጆንያ ሆዷ ላይ አስራ፣ እጀታውን በእሱ ላይ ደገፍ አድርጋ ትጫናለች። ፎርማኑ ውሃ ማጠጣት ላይ ልመድብሽ ሲላት፣ «ልጄ የሚጫወተው እዚህ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ይነሣል» አለችው። እውነትም ይነሣ ነበር። ከሥራ ስትወጣ የግራ ኪሷን ከፍታ ታሳየኛለች። እኔም መጽሐፍ አንባቢው «ተመስገን!» እላለሁ። በግራ ጎን የሚለውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ስትቆጥር የማያትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ «ተጋድመሽ ቁጠሪ» አላልኳትም።

በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጉልቤ መኪናውን አስጠግቶ ያለፈውን ሐሙስ ክምር ሊጭን መጣ። እሷ ማሽኑን አቁማ ሄዳ ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ ከዚህ።»

«ሐሙስ ያልፍለታል። ሐሙስ ና።»

«አንቺን ነው ተነሺ ያልኩት! ጥርስሽን አስረሽ በሆድሽ ልታስፈራሪኝ ነው?»

«የሰው ቤት ግድግዳ ነው የምትጭነው። ልጆች ላይ ይናዳል።»

«እንግዲያው በመኪና አነሣሻለሁ!»

ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ሊያስፈራራት እንጂ ሊመታት እንዳላሰበ በኋላ ምሎ ነግሮናል፤ እኔም አምነዋለሁ። ነገር ግን ወደ ኋላ ሲመጣ ፍጥነቱ በዛ። እሷ ዘላ ስትወርድ በጎኗ አሸዋው ላይ ወደቀች። መኪናው ክምሩን አፍርሶ የማሽኑን እግር ገጨ። ብረት ለብረት ሲጋጭ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጥርሴ ውስጥ አለ።

ያኔ ዝምታው አካፋውን ይዞ መጣ። አልሮጠም። የመኪናውን በር ከፍቶ ጉልቤን በሸሚዙ ይዞ አወረደው፤ በአካፋው እጀታ ራሱን መታው። ሲወድቅ ጀርባውን መታው። ደም የጉልቤን ዓይን ሸፈነው። «ገደለኝ! ያዙት!» ይላል፤ ዝምታው አንዲት ቃል ሳይወጣው ይመታል። አምስት ሰዎች ሆነን ነው ያስጣልነው። እኔን ክርኑ አግኝቶኝ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ያስጣለው ግን የእኛ ጉልበት አይመስለኝም። እሷ ከአሸዋው ተነሥታ፣ «ተው! እኔ አልተመታሁም። ተው የኔ ጌታ፣ ልጅህ ደም አይቶ አይወለድ!» ስትል እጁ ወረደ።

ሲስተር ዘንድ እንሂድ አልናት። «ጠዋት እሄዳለሁ» አለች። ጠዋት መጣችና መጀመሪያ ማሽኑን አስነሣች፤ ካልተራገጠ ልትሄድ። እጀታውን ሆዷ ላይ ደገፍ ገና ስታደርግ ጠጠሮቹ መዝለል ጀመሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አሥሩም ግራ ኪስ ገቡ። «ጋሼ!» ብላ ከዚያ ማዶ ጮኸች። «እንደዚህ ጉልበተኛ ሆኖ አያውቅም!» እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ማክሰኞ እንዲያ ዋለ፤ ረቡዕም እንዲያው። ወገቧን ያማት ነበር፤ ከመውደቄ ነው ትላለች። ማታ ሕፃኑ ዝም ይላል፤ ቀን ሲጫወት ውሎ ደክሞት ነው ትላለች።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መካኒኩ መጣ። መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ በሥራው የሚኮራ ሽማግሌ ነው። ከማሽኑ ሥር ገብቶ ቆየና እየሳቀ ወጣ።

«ይህን ይዛችሁ ነው ሦስት ቀን የሠራችሁት? የእግሩ ዋና ብሎን ላልቷል እኮ! መኪናው ሲገጨው ነው። እንዲህ ሲራገጥ አልሰማችሁትም?»

ብሎኑን በትልቁ መፍቻ አጠበቀው። ማሽኑ ተነሣ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ወጥ ሆኖ ለስልሷል። እሷ ጆንያዋን አስተካክላ እጀታውን ተጫነች። አንድ ዙር ብሎኬት ወጣ። ሁለት። አሥር። ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ጠጠር ይዞ ቀርቷል። ሃያኛው ዙር ላይ ፊቷ ሲሚንቶ መሰለ።

«ፍታው» አለችው መካኒኩን።

«ምኑን?»

«ያጠበቅኸውን። መልሰህ አላላው።»

«ምን ነካሽ ልጄ? ሰው አጥብቅልኝ ይላል እንጂ...»

«አላላው አልኩህ!»

እሱ መፍቻውን ወደ ቦርሳው ሊከት ጎንበስ አለ። በቡጢ መታችው። መነጽሩ ተሰብሮ ቅንድቡን ቀደደው። ኮሌታውን ይዛ መሬት ለመሬት ጎትታ ከማሽኑ ሥር ጣለችው። ሽማግሌው ደሙ እየተንጠባጠበ ብሎኑን ፈታ። ማሽኑ ተነሣ፤ ሆዷም ላይ ያ ርግጫ ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልትስቅ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ እጀታውን ከሆዷ አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

ጭኗም ተራገጠ።

ሞተሩን ያጠፋችው ራሷ ናት። ግቢው ዝም ሲል ሁለት መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ ከበሩ አያታለሁ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ዳግም አያሰማኝ። ከዚያ አካፋ አነሣችና ማሽኑን መምታት ጀመረች። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ልጄ ነህ ብዬ!» የአካፋው እጀታ ተሰበረ።

በሩ አጠገብ ጉልቤ ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሰኞ የተጣሉበትን ብሎኬት፣ ሕጋዊውን ሐሙስ ጠብቆ፣ እየጫነ ነበር። ዝምታው እሷን ደግፎ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ተያዩ። ጉልቤ ሁለቱንም አየ፤ ሆዷን አየ።

«ምን ይገትርሃል? አስገባት!» አለና ወደ መሪው ዘለለ።

በዚያ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ክፍት ትቼ ወጣሁ። መኪናው በተጫነው ብሎኬት ላይ ወጥቼ ገመድ ይዤ ተቀመጥኩ። ጉልቤ እንደ እብድ ነዳ። ብሎኬት ከጎኔ እየተፈነቀለ አስፋልት ላይ ይፈነዳል፤ ሰው ይሳደባል። እኔ የምጸልየው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም አልጨርሰውም፤ በጉድጓዱ ሁሉ እየተቆረጠ መልሼ እጀምራለሁ።

አደባባዩ ጋ አንድ ሚኒባስ ገባብን፤ ጎኑን ፋቅነው። የሚኒባሱ ሾፌር ብረት ይዞ ወረደና ምንም ሳይጠይቅ የፊት መስታወታችንን አደቀቀው። ጉልቤ ወርዶ አንገቱን አነቀው። መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ጡሩምባ ይጮኻል፤ ሰው ከበበ፤ አንዳንዱ ያስጥላል፣ አንዳንዱ ያቀጣጥላል። የጉልቤ ፋሻ እንደገና ቀላ። ያኔ እሷ ፀጉሯ በስባሪ መስታወት እንደተሞላ ከመኪናው ወረደች። ሰውዬው ብረቱን እንዳነሣ ነው። ሌላውን እጁን ይዛ ሆዷ ላይ ለጠፈችው።

«ንካው! ይንቀሳቀሳል? ንገረኝ! እኔ እምነት አጥቻለሁ፤ አንተ ንገረኝ!»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ዳሰሰ። እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

«እናቴ... ምንም የለም» አለ።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ያ ሰው ብረቱን ይዞ ከፊታችን ሮጠ። ያልተንቀሳቀሰውን መኪና ሁሉ ኮፈኑን በብረቱ እየደበደበ፣ «ዞር በሉ! ልጅ አለ! ዞር በሉ!» እያለ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ከፈተልን።

ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። የሲሚንቶውን ሽርጥ፣ የታሰረውን ጆንያ ስታይ ሁሉም ገባት። «ጽዳት ነው ያልሽኝ?» አለች። አልጋ ላይ አስተኝታ የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረገች። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ወደ ታች። ሽሽ። ወደ ግራ። ዝምታው ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። እሷ በኋላ እንደነገረችኝ ያየችው ያንን የድሮውን ኮሪደር ነበር፤ ትይዩውን ወንበር።

ከዚያ ከሩቅ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚያንኳኳ ነገር፣ መጣ። ዱብ። ዱብ። ሲስተር ሰዓቷን እያየች ቆጠረች።

«ሰባ ስድስት። ከመቶ አሥር በላይ መሆን ነበረበት። ግን አለ!» ብላ በሩን በእግሯ ከፈተችው። «ዶክተር!»

እንግዴ ልጁ ሰኞ ስትወድቅ ከዳር ለቆ ኖሯል። ሕፃኑ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይለቅ በቀረው ወገን እየተነፈሰ፣ ጉልበቱን ላለመጨረስ ዝም ብሎ ነበር። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዷት።

የውስጡን እሷና ሲስተር ናቸው የነገሩኝ። ወገቧ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ወጓት። ሕመሙ ጠፋ፤ ሰውነቷ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሷ ይፋጫል፤ አልጋውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። «ማሽኑ ላይ የቆምኩ መሰለኝ» አለችኝ። «አጥፉት፣ አጥፉት እላቸዋለሁ።» ዶክተሩ ከሥር ሲጎትትና ሲገፋ ደረቷ ድረስ ይሰማታል። ሁለት ሰው ሆነው ከላይ ተጫኑ። ከዚያ የሆነ ነገር ከውስጧ ተላቀቀ።

አልጮኸም። ሲስተር ሰማያዊውን ገላ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። በፎጣ ጀርባውን አሸችው፤ እግሩን በጣቷ መታችው። ምንም። ትንሿን ጭምብል አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ አየር መግፋት ጀመረች፤ እየቆጠረች፣ ላቧ እየወረደ። እናቲቱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ቁጥሩን ትሰማለች። «ምቺው!» ብላ ጮኸች አሉ። «ሲስተር፣ ምቺው! ዝም አትበዪው!»

«ዝም በይ አንቺ፣ እየሠራሁ ነው!»

ሁለት ደቂቃ ሆነ። ሦስተኛው ሲጋመስ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ ድምፅ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሆነን ሰማነው። ጉልቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዝምታው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ሰማህ?» አለኝ። ሰምቻለሁ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ ሰምቻለሁ።

ሴት ናት፤ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። አራት ቀን በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ቆየች፤ በአምስተኛው ለእናቷ ሰጧት።

በዚያው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ጸጥ ያለ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ከዛፍ ፊት ለፊት። በግራ ጎኗ ተጋድማ ልጅቷን ራቁት ገላዋ ላይ አስተኝታታለች። ዝምታው አጠገቧ ተቀምጦ የሽርጧን ኪስ ያራግፍ ነበር። ጠጠሮቹ እጁ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣» አለችኝ በዝቅታ፣ «አንድ ነገር ይከነክነኛል። እስካቅፋት እጄን አላነሣም ብዬ ምዬ ነበር። ሽማግሌውን ግን መታሁት። ይቆጠርብኝ ይሆን?»

የማነበው ብዙ ነው፤ የማውቀው ትንሽ። «አንቺም ቁጥር ተሳስተሽ ነበር፤ አምላክሽ ግን ማረሽ» ልላት ስል ከበሩ ላይ ሳል ተሰማ። መካኒኩ ነው፤ ቅንድቡ ተሰፍቷል።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ያንን ማሽን ሳታጠፊ ብትቀሪ ኖሮ ይቅር አልልሽም ነበር። ወደ ውስጥ ግን አልገባም። ከዚሁ እጠይቅሻለሁ።»

«ለምን? ግባ እንጂ አባባ።»

ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እነዚህን እፈልጋቸዋለሁ ልጄ።»

ስፌቷን ይዛ ሳቀች። «አታስቁኝ፣ ይተረተራል፣ አታስቁኝ» እያለች ሳቀች። ልጅቷ በሳቁ ደንግጣ እግሮቿን ሰበሰበች፤ ከዚያ በሙሉ ኃይሏ የእናቷን ሆድ ረገጠች።

ሳቁ ቆመ። በክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነገር አልነበረም። ወደ ባሏ እጇን ዘረጋች፤ እሱም ገብቶት አንዱን ጠጠር መዳፏ ላይ አኖረላት።

«አንድ» አለች።